የባሕር ዳሩ የሮክ ፍላሽ፦ ዘፈኑ ሞልቷል፣ ፎልደሩ ተምታቷል

ባሕር ዳር ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ሮክ ሲጠየቁ አብዛኞቹ አንድ ፎልደር ከፍተው "ያለው ይኼ ነው" ይላሉ፤ ውስጡ ከቦን ጆቪ እስከ ስሌየር አንድ ላይ ታጉሯል። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ ያለው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢዎች ተማሪ የሚያዘወትረው አንድ ትንሽ ሱቅ ግን ከዚህ ይሻላል። ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ አስቀድሞ ሞልቶ፣ ዘፈኑን በንዑስ ዘውግ ከፋፍሎ ይሸጣል፦ ሃርድ ሮክ፣ ሄቪ ሜታል፣ ትራሽ፣ ዴዝ፣ ብላክ፣ ዱም፣ ፓንክ፣ ግራንጅ፣ ፕሮግረሲቭ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ልዩ ልዩ" የሚል የተወሸቀ ፎልደር አለ። የራስን ፍላሽ ይዞ ሄዶ በጊጋባይት ሂሳብ ማስጫንም ይቻላል፤ እሱ ይረክሳል።

ምርጫው ያስደስታል። ከሰባዎቹ እንግሊዝ እስከ ዘጠናዎቹ ኖርዌይ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መሠረታዊ ከሚባሉት ባንዶች የጎደለው ጥቂት ነው። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። የሱቁ ሰው በባንድ ስምና በአልበም ሽፋን ነው የለየው፤ የራስ ቅል ካለበት ዴዝ፣ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ብላክ፣ ጸጉራቸውን የለቀቁ ወንዶች ከተደረደሩበት ሄቪ ሜታል። ንዑስ ዘውግ ግን በጆሮ ነው የሚለየው። መጀመሪያ ድራሙን፣ ቀጥሎ የጊታሪስቱን ቀኝ እጅ፣ ከዚያ ክሩ ምን ያህል እንደላላ፣ ድምፃዊውን መጨረሻ ላይ ማድመጥ ነው። ብዙ ሰው ከድምፃዊው ስለሚጀምር ይሳሳታል፤ ጩኸት አራት አምስት ዘውግ ውስጥ አለ፣ የድራሙ አመታት ግን ቶሎ ያጋልጣል።

ለመምታታቱ አንዱ ምክንያት ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው መለያ ነው። ኤምፒ3 ላይ የሚገኘው የድሮው አይዲ3 መለያ ዘውጉን በቃል አይጽፍም፣ በቁጥር ነው የሚይዘው። የመጀመሪያው ዝርዝር ከ0 እስከ 79 ድረስ 80 ዘውግ ብቻ ነበረው፦ ግራንጅ 6፣ ሜታል 9፣ ሮክ 17፣ ዴዝ ሜታል 22፣ ፓንክ 43፣ ሃርድ ሮክ 79። የሚገርመው፣ ዴዝ ሜታል ቦታ አግኝቶ ሄቪ ሜታል የለም፤ ትራሽና ብላክ ሜታልም የገቡት ኋላ ላይ ዊንአምፕ የተባለው የዘፈን ማጫወቻ ፕሮግራም ዝርዝሩን ሲያስረዝም ነው። ስለዚህ ድሮ ከሲዲ የተገለበጠ ትራሽ ወይ "ሜታል" ወይ "ዴዝ ሜታል" ተብሎ ይመጣል፣ ሱቁም መለያውን አምኖ እዚያው ያስገባዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ባንድን በጅምላ ማስቀመጥ ነው። ሜታሊካ ከነሙሉ ሥራው ትራሽ ፎልደር ውስጥ ነው። የ1983ቱና የ1986ቱ አልበሞች ትራሽ መሆናቸው አያከራክርም፤ በ1991 ባንዱ በራሱ ስም ያወጣው ባለ ጥቁር ሽፋኑ አልበም ግን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሪፉን (ተደጋግሞ የሚመጣውን የጊታር ሐረግ) አቅልሎ ወደ ሄቪ ሜታል የወጣ ነው፤ የመክፈቻው ዘፈን በደቂቃ 123 ምት አካባቢ ነው የሚራመደው። የ1996ቱ ደግሞ ጭራሽ ሃርድ ሮክ ወደ መሆን ያዘነብላል። ዘውግን በአልበም፣ ሲያስፈልግም በነጠላ ዘፈን መለየት ነው እንጂ ባንዱን ዕድሜ ልኩን በአንድ ስም ማሰር አያዋጣም።

ፍጥነት ለመቁጠር ሙያ አያስፈልግም፦ እግራችሁ በራሱ የሚመታውን ምት ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ስኔሩ፣ ማለትም "ታክ" የሚለው ከበሮ፣ የሚወድቅበት ቦታ ነው። ከአራቱ ምት ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ከወደቀ መደበኛ የሮክ አመታት ነው። ሦስተኛው ላይ ብቻ ከወደቀ ዘፈኑ በግማሽ ፍጥነት የሚሄድ ይመስላል፤ ዱምና ስላጅ የተባሉት ከባድ ዘውጎች ይህን ይወዱታል። በየምቱ መሃል፣ ከኪኩ (በእግር ከሚመታው ትልቅ ከበሮ) ጋር እየተቀባበለ "ዱም ታክ ዱም ታክ" እያለ ከሮጠ ትራሽ ወይም ሃርድኮር ፓንክ ነው። ስኔሩና ኪኩ ፋታ ሳይሰጡ ተያይዘው ሲወርዱና ጆሮ ቆጠራውን ሲተው ብላስት ቢት የሚባለው ነው፤ ያኔ ዴዝ ወይም ብላክ ሜታል ውስጥ ናችሁ።

ሃርድ ሮክና ሄቪ ሜታል ላይ የሱቁ ስህተት ዓይን ያወጣ ነው። ብላክ ሳባዝ ሃርድ ሮክ ውስጥ፣ ኤሲ/ዲሲና ገንስ ኤን ሮዝስ ሄቪ ሜታል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ልክ በተቃራኒው መሆን ነበረበት። ሃርድ ሮክ ብሉዝን ያልለቀቀ ሮክ ነው። ሪፉ የሚሠራው በባለ አምስት ድምፁ ማይነር ስኬል ነው፤ ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፣ የባቲ ማይነር ድምፆች እነዚያው ናቸው። ጊታሪስቱ ሶሎ ላይ ክሩን እየገፋ ድምፁን ያስለቅሰዋል፣ ከበሮው ትንሽ ወደ ኋላ ዘና ይላል፣ ድምፃዊውና ጊታሩ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ሌድ ዘፕሊንን ወይም የ1970ውን ዲፕ ፐርፕል ከፍታችሁ ሪፉን ብቻ በአፋችሁ ብታዜሙት የባቲን ሽታ ታገኙታላችሁ።

ሄቪ ሜታል ያን ብሉዝ ያራግፋል። ቦታውን የሚይዙት ሁለት ርቀቶች ናቸው፦ ከመነሻው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የሚለው ሁለተኛ ድምፅና ትራይቶን (ከመነሻው ሦስት ሙሉ ድምፅ የሚርቀው)። አምባሰልን ለይቶ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ወዲያው ይይዘዋል፣ ያ ጠባብ ሁለተኛ ድምፅ አምባሰል ውስጥ አለ። አንቺሆዬ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አሉ። ሜታሉ በእኛ ቅኝት ተሠርቷል ማለት አይደለም፣ ርቀቱን ለመያዝ ግን ጆሯችን ግማሹን መንገድ ሄዷል። በየካቲት 1970 የወጣው የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም መክፈቻ ሪፍ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፦ መነሻው፣ ኦክታቩ (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ)፣ ትራይቶኑ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም ውስጥ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ አጥቶ ነበር፤ ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። በ1971 ክሩን በአንድ ተኩል ድምፅ ያላላው ለመጫን እንዲቀለው ነበር፣ የዚያ ወፍራም ድምፅ ግን ለዱምና ስቶነር ለሚባለው ዘውግ መነሻ ሆነ። ይህን ባንድ ሃርድ ሮክ ውስጥ ማስቀመጥ ፎልደሩን ራስ ማሳጣት ነው።

ከዚያ በኋላ ጁዳስ ፕሪስትና አይረን ሜይደን ሁለት ጊታር ጎን ለጎን በተለያየ ከፍታ አንድ ዜማ የሚያወጡበትን አሠራር አጠናከሩ። ሁለት ጊታር ተስማምቶ የሚያዜም ከሰማችሁና ምቱ እንደ ፈረስ ግልቢያ "ታ-ተተ ታ-ተተ" ካለ ሄቪ ሜታል ለማለት አታመንቱ።

ትራሽ፣ ዴዝና ብላክ አብዛኛው ገዢ የሚወናበድባቸው ናቸው፤ የቀኝ እጅን የማያደምጥ ሰው ሦስቱን በጭራሽ አይለይም። ትራሽ ላይ የመዳፉ ጠርዝ ብሪጁ (ክሩ የጊታሩ አካል ላይ የሚያርፍበት) አጠገብ ክሩን ይነካል፣ ድምፁ ታፍኖ "ቸክ ቸክ ቸክ" ይላል፤ በአፈናው መሃል ኮርዱ (አንድ ላይ የተመቱት ድምፆች) ይፈነዳል። ድምፃዊው ይጮኻል እንጂ ቃሉ ይሰማል። የ1986ቱ የስሌየር አልበም 10 ዘፈን ይዞ በ29 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል፣ ሱቁም ዴዝ ውስጥ አስገብቶታል። ግጥሙ ስለ ሞትና ስለ ደም ስለሆነ ይመስለናል። የእጁ አመታት፣ የስኔሩ ሩጫና የሚለየው ቃል ግን ትራሽ መሆኑን ይመሰክራሉ። ዴዝ ሜታል ይህን አልበም ወስዶ ነው ያደገው፤ መምታታቱ ከዚያ ይመጣል።

ዴዝ ሜታል ላይ ክሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ድምፅ ወይም ከዚያ በላይ ይላላል፣ ድምፁ ከሆድ የሚወጣ ማጓራት ነው፣ ሪፉ በግማሽ ድምፅ እየተሳበ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ሪፍ ቢመጣ አያስገርምም። ሁለት ትልልቅ ቤቶች አሉት። የፍሎሪዳው፣ ታምፓ ከተማ ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ ውስጥ ብዙው የተቀዳው፣ ጥርት ያለና ኪኩ የሚቆጠር ነው፤ ዴዝ የተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበም 1987 ላይ ነው። የስቶክሆልሙ ደግሞ በመጋዝ እንጨት የሚቆረጥ የሚመስል ጊታር አለው፤ ምስጢሩ የቦስ ኤችኤም2 ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር፣ በእግር የሚጫኑት ዕቃ) ነው፣ አራቱንም ማዞሪያዎች እስከ ጥግ ከፍቶ መጫወት። ከዚያው የመጣውን ባንድ ኢንቱምድን ለ10 ሰከንድ የሰማ ሰው ይህን ፔዳል ሌላ ቦታ ቢያገኘው አይስተውም። ፍላሹ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለዋል፤ ለያይታችሁ ብታስቀምጧቸው ጥሩ ነው፣ ግድ ግን አይደለም።

የኖርዌዩ ብላክ ሜታል ድምፅ ቀጭን ነው። ቤዙ እምብዛም አይሰማም፣ ጊታሩ መዳፍ ሳይነካው ኮርዱን ያለ ማቋረጥ ይፈትላል፣ አንድ ሪፍ ደቂቃ ሙሉ ሊቆይ ይችላል፣ ድምፃዊው አያጓራም፣ ከጉሮሮው በቀጭኑ ያንቋርራል። ዳርክስሮን በ1994 ያወጣውን አልበም በአራት ትራክ መቅጃ ነው የቀዳው፤ ሻካራነቱ ሆነ ተብሎ የተፈለገ ነው። ለሱቁ "ፋይሉ ተበላሽቷል" ብለው የሚመልሱ ደንበኞች እንዳሉ ከሻጩ ሰምተናል፤ አልተበላሸም። ቬኖም በ1982 አልበሙን በዚህ ዘውግ ስም ቢጠራም ሙዚቃው ለትራሽና ለስፒድ ሜታል ይቀርባል፤ ብላክ ፎልደር ውስጥ መገኘቱ ለታሪክ ካልሆነ በቀር ለጆሮ አይመችም።

ዱም፣ ስቶነርና ስላጅ አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ይህን ያህል አንፈርድባቸውም፣ ሦስቱም ከብላክ ሳባዝ ወገብ የወጡ ናቸው። ከዘውጉ በፊት ግን የምታደምጡበትን ዕቃ አስተካክሉ። በመደበኛው የጊታር ቅኝት የመጨረሻው ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ላይ ነው፤ ወደ ሲ (C) ድምፅ ሲላላ 65 ይሆናል፣ ቤዝ ጊታሩ ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። የስልክ ስፒከር ይህን ድምፅ ማውጣት አይችልም፣ ከላይ ያለውን ብቻ ያሰማችኋል፤ በስልክ ከተሰማ ዱምም ስቶነርም አንድ ናቸው። ወደ ዘጌ በሚሄደው ጀልባ ላይ በብሉቱዝ ስፒከር መሞከርም ከንቱ ነው፣ የሞተሩ ጉርምርምታ ያንኑ የታችኛውን ድምፅ ይውጠዋል። ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚዘጋ ኤርፎን በቂ ነው።

በዚያ ስታደምጡ፣ ዱም በደቂቃ ከ50 እስከ 80 ምት አካባቢ ይጎተታል፣ ኀዘን አለበት፣ ድምፃዊው ብዙ ጊዜ በንጹሕ ድምፅ ይዘፍናል፤ ካንድልማስ ጥሩ ማሳያ ነው። ስቶነር ፍጥነቱ መካከለኛ ሆኖ ይወዛወዛል፣ ጊታሩ ዲስቶርሽን ሳይሆን ፈዝ ነው፣ ዳር ዳሩ የተበጣጠሰና ሞቅ ያለ። የካሊፎርኒያው በረሃ ባንድ ካየስ ጊታሩን ወደ ሲ አላልቶ በቤዝ አምፕ (ማጉያ) ይጫወት ነበር፤ ዱም ውስጥ መቀመጡ ስህተት ነው፣ አንገት የሚያስነቀንቅ የምቱን ውዝዋዜ አንዴ መስማት ይበቃል። ስላጅ የዱሙን ክብደት ከሃርድኮር ፓንክ ጩኸት ጋር ያጣምራል፣ በድንገት ይፈጥናል፣ መልሶ ይወድቃል፤ የኒው ኦርሊንሱን አይሄትጎድ ተመልከቱ። ኤሌክትሪክ ዊዛርድን የት እናስቀምጥ የሚል ካለ፣ ዱምም ስቶነርም ይስማማዋል፤ ጊዜ አታጥፉበት።

ፓንኩ ፎልደር ላይ ብዙ የምንለው የለም። ራሞንስ በ1976 14 ዘፈን በ29 ደቂቃ ጨርሰዋል፣ ጊታሩ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይመታል፣ ሶሎ የለም ማለት ይቻላል። አብሮ መቀመጥ የሌለበት ጆይ ዲቪዥን ነው። ፖስት ፓንክ ላይ ዜማውን የሚይዘው ቤዝ ጊታሩ ነው፣ በከፍተኛው ክሮች ላይ ይዘፍናል፤ ጊታሩ በየመሃሉ ጣል ጣል ያደርጋል። የ1979ኙን አልበማቸውን ስትሰሙ ጊታሩን ረስታችሁ ቤዙን ተከተሉ፣ ልዩነቱ በአንድ ዘፈን ይገባችኋል።

ግራንጅ ተብሎ የተቀመጠው ግን የዘጠናዎቹ ሮክ በሙሉ ነው። ሬዲዮሄድ ምን ሊያደርግ እዚያ ገባ? ስማሺንግ ፓምፕኪንስስ የቺካጎ ልጆች አይደሉም? እውነቱን ለመናገር ግራንጅ እንደ ትራሽ በድራም አይለይም። ሲያትል የምትባል ከተማና ከሰማንያዎቹ መጨረሻ እስከ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ያለው ዘመን ነው የሚያስተሳስረው። ሳውንድጋርደን የመጨረሻውን ክር ወደ ዲ (D) ድምፅ አላልቶ ያልተለመደ ምት ይቆጥራል፤ አሊስ ኢን ቼይንስ ሁለት ድምፅ ተስማምቶ የሚዘፍንበት ከባድ ሜታል ነው፤ ፐርል ጃም የሰባዎቹን ሮክ ይወርሳል፤ ኒርቫና ፓንክ ሆኖ ስንኙን በለሆሳስ፣ አዝማቹን በጩኸት ያደርጋል። አራቱንም አንድ ፎልደር ውስጥ መተው ያስኬዳል። ክሪድንና ኒክልባክን ግን አውጡ፦ ቅጂያቸው የተወለወለ፣ አዝማቻቸው ለስታዲየም የተሰፋ ነው፣ ፖስት ግራንጅ ይባላል፣ እኛም ብዙ አናደምጠውም።

ፕሮግረሲቩ ውስጥ ሳይከዴሊክ ተቀላቅሏል። መለያው መቁጠር ነው። በአራት ቆጥራችሁ አልገጥም ካላችሁ፣ ክፍሎቹም እየተቀያየሩ ወደ መጀመሪያው ሳይመለሱ ከሄዱ ፕሮግረሲቭ ነው፤ ኪንግ ክሪምሰን ከ1969 ጀምሮ። አንድ ኮርድ ላይ ቆሞ በኤኮና በኦርጋን ከዋለለ ሳይከዴሊክ ነው። የ1967ቱ ፒንክ ፍሎይድ ሳይከዴሊክ ነው፤ በ1973ቱ አልበም ላይ ስለ ገንዘብ የሚዘፈነው ዘፈን በሰባት ይቆጠራል፣ ለጊታር ሶሎው ወደ አራት ይገባል።

"ልዩ ልዩ" ከሚለው ውስጥ ማይ ብለዲ ቫለንታይንን ፈልጋችሁ አውጡ፤ የጊታሩን ዘንግ እየነቀነቀ ኮርዱን የሚያቀልጠው የ1991ዱ አልበም የሹጌዝ (በጊታር ጉም የተዋጠ ሮክ) መለኪያ ነው። አጠገቡ ያለው ሞግዋይ ድምፃዊ እምብዛም የሌለው፣ ቀስ ብሎ እየተከመረ የሚፈነዳ ፖስት ሮክ ነው። የጃኖ ባንድ የ2012 "ኤርታሌ" አልበምም እዚሁ ተወርውሯል። አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው ነው፣ የእኛን ዜማ በተጋጋለ ጊታር የሚያስኬድ፤ ሃርድ ሮክ ፎልደር ውስጥ በክብር ይቀመጣል፣ ይህን እንኳ ኦሪጅናሉን ግዙ።

አሁን ወደ ዕቃው። ባለ 32 ጊጋባይቱ ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ 29.8 ያህል ማሳየቱ ትክክል ነው፣ አቆጣጠሩ ስለሚለያይ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው አቅሙ በውሸት የተጻፈ ፍላሽ ነው፤ ባዶ እያለ ኤችቱ ቴስት ደብልዩ በተባለው ነፃ የፍላሽ መፈተሻ ፕሮግራም አስሞሉት፣ የተሞላውን ከገዛችሁ ደግሞ በመጨረሻው ፎልደር ያሉትን ዘፈኖች እስከ ማለቂያቸው አጫውቱ። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ፍላሽ ስለሚሰካ ሾርትከት ቫይረስ አይጠፋም፤ ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት ከተቀየሩ አትክፈቷቸው፣ መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አስፈትሹ። ለመኪና ቴፕ ከሆነ በፋት32 ፎርማት ይደረግ፤ ብዙዎቹ ቴፖች ኤክስፋት የተባለውን ሌላ ፎርማት አያነቡም። ዘፈኑንም በስም ሳይሆን በተገለበጠበት ቅደም ተከተል የሚያጫውቱ ስላሉ፣ ፎልደር በፎልደር ተራ በተራ ይገልበጥላችሁ።

ጥራቱ ያልተመጣጠነ ነው። በሰከንድ በ320 ኪሎቢት አንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይፈጃል፣ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 12 ሜጋባይት፤ በ128 ከ5 አይበልጥም። ፍላሹ ላይ 320 የሚል ተጽፎባቸው ከ128 የተለጠጡ ፋይሎች አሉ፤ መለጠጥ የጠፋውን አይመልስም። ስፔክ በሚባለው፣ የድምፁን ከፍታ በምስል በሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት፣ ምስሉ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ እንደ ግድግዳ ከተቆረጠ ተለጥጧል። ለራሞንስ ብዙ አይጎዳም። ሲምባልና የጊታር ጉም የሞላባቸው ብላክ ሜታልና ሹጌዝ ላይ ግን ላይኛው ድምፅ ወደ ውኃ ፏፏታ ይቀየራል፣ ብላስት ቢቱንም መለየት ያቅታል።

መለያውን ለማስተካከል ኤምፒ3ታግ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። አልበሙን በሙሉ መርጣችሁ ዘውግ በሚለው ላይ በቃል ጻፉ፣ አዲሱ አይዲ3 ማንኛውንም ቃል ይቀበላል፤ ከዚያ ፎልደሩ ቢምታታም ስልካችሁ በዘውግ ይደረድርላችኋል።

አገልግሎታቸው ደግ ነው፤ የተቆረጠ ዘፈን ብትመልሱ ሳይነጫነጩ ይቀይራሉ፣ በወረቀት የተጻፈ ዝርዝርም ይቀበላሉ። ተዘጋጅቶ የተሞላውን ከመግዛት ዝርዝር ይዞ መሄዱን እንመርጣለን፦ አልበሙን ከነዓመቱ ጻፉ፣ 320 በሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ከብላክ ሜታሉ ፎልደር አንድ ዘፈን በኤርፎን አስከፍታችሁ ሲምባሉን አድምጡ።